ጋሼ ባሕር እኛ ቤት የመጡ ለታ

ትናንት በሕልሜ ባሕር ሄድኩ። ሄድኩ ስላችሁ ለምኜ እንዳይመስላችሁ፤ ባሕሩ ራሱ ነው መኪና ልኮ ያስመጣኝ። በውኔማ የሄዱት የምሠራላቸው እትዬ ሮማንና ልጆቻቸው ናቸው። ለእረፍት ሐይቅ ዳር ሲሄዱ እኔንም ይወስዱኛል ብዬ ጸጉሬን ሁሉ ተሠርቼ ነበር። «ዝናሽ፣ አንቺ ቤት ጠብቂ» አሉኝ። ቤቱ የት እንዳይሄድ እንደሆነ እንጃ። ይኸው ከሄዱ ጀምሮ የማናግረው ሰው ጠፍቶ ከፍሪጁ ጋር እነታረካለሁ።

ብቻ በሕልሜ የደረስኩበት የባሕር ዳርቻ መንደር የድሮ ነው፤ ትልልቅ ሰዎች ከነቤተሰባቸው ይዝናኑበት የነበረ። ቤቶቹ የድንጋይ፣ ሰገነታቸው የእንጨት፣ ቀለማቸውን ጨው የላጠው። መግቢያው ላይ አንድ ትልቅ ዓሣ የዘበኛ ካፖርት ለብሶ ቆሟል።

«አሸዋ ይዘሻል?» አለኝ።

«የለኝም።»

«ሰው ሊጠይቅ ባዶ እጁን ይመጣል? ያሳደገሽ የለም?»

ከተረከዜ ስንጥቅ ትንሽ አፈር አራግፌ ሰጠሁት። አሸተተው፣ ፊቱን አጨማደደና አስገባኝ።

ውስጥ ቤቶቹ ተሰልፈዋል። እውነቴን ነው፤ ጎብኚዎቹ ቤቶቹ ናቸው! የፀሐይ መነጽር አድርገው፣ ደረጃቸውን እንደ ሱሪ ሰብስበው ይጠብቃሉ። አንድ አስጎብኚ በዱላው ወደ እኔ አመለከተ።

«ይህቺ ዝናሽ ትባላለች። የተሠራችው ገጠር ነው። ሦስተኛ ክፍል ስትደርስ ግንባታዋ ተቋርጧል።»

«ዕድሜዋስ?» አለ ባለ ሰገነቱ ቤት።

«አሥራ ስድስት።»

«ውይ! እስካሁን ሳትፈርስ!»

«እባካችሁ አትደገፏት» አለ አስጎብኚው።

ዙሪያዬን ዞሩኝ፣ ፎቶ አነሱኝ። አንዱ እንኳ እንደምን ዋልሽ አላለኝም። «ደህና ነኝ» አልኩ ሳልጠየቅ።

«ትናገራለች!» ብለው ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

ሸሽቼ ሆቴሉ ውስጥ ገባሁ። እዚያ ደግሞ ከረቫት ያሰሩ ቦርጫም ሰውዬ አንሶላ ያነጥፋሉ። «ላግዝዎት ጋሼ» ብላቸው አንሶላውን አቅፈው እንባቸው መጣ። «እረፍቴን አታበላሺብኝ! ዓመቱን ሙሉ ስጓጓለት የኖርኩትን!» ማድ ቤት ውስጥ ጥፍራቸውን ቀይ የተቀቡ ሴቶች ድስት ለመፈግፈግ ይጋፋሉ። ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ መጋደም ነው። አሸዋው ላይ ተጋደምኩ። አለቃዬ ከላዬ የተተከለው ጃንጥላ ነበር።

«አንቺ! እግርሽን አታወዛውዢ! ይሄ ማረፍ ነው?»

«ለምጄው አላውቅማ!»

«ይኸው፣ ዓይንሽ አቧራ ይፈልጋል። ሂጂ፣ ተባረሻል!»

ከእረፍት የተባረረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ።

ወደ ውሃው ጫፍ ወረድኩ። ዓሣው ከዓሣ፣ ቤቱ ከቤት፣ ጃንጥላውም ከጃንጥላ ጋር ሆኖ ያወራል። እኔ ብቻዬን ቆምኩ። ያን ጊዜ ባሕሩ መጣና እግሬ ሥር ቁጢጥ አለ። ሪዙ ሁሉ አረፋ የሆነ ሽማግሌ ስለሆነ አንቱ አልኳቸው።

«ልትሄጂ ነው? ነይ ልሸኝሽ» አሉኝ።

እኔን የሸኘኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ካገሬ የወጣሁ ቀን ሁሉም አጨዳ ላይ ነበር፤ የሸኘኝ የጎረቤት ውሻ ነው፣ እሱም እስከ ወንዙ። ጋሼ ባሕር ግን እስከ መንደሩ መግቢያ መጡ። እዚያ ስንደርስ ሽማግሌ ብቻቸውን ሲመለሱ ማየት ነውር ሆነብኝና፣ «በሉ እኔም ልሸኝዎት» ብዬ እስከ ዳርቻው መለስኳቸው።

«በሞቴ፣ አሁን ደግሞ እኔ» አሉ።

«ኧረ በእኔ ሞት!»

ወጣን፣ ተመለስን፣ ደግሞ ወጣን። ቀድሞ ደህና ሁን ማለት ሁለታችንም አቃተን። ቀድሞ ያለው ብቻውን ሊቀር ነዋ።

«ጋሼ ባሕር፣ ይሄ ሁሉ ሰው እየመጣ እያየዎት ይከፋዎታል?»

«ያዩኛል፣ ይንቦጫረቁብኛል። ሲሄዱ ልሸኛቸው እየሮጥኩ እመጣለሁ። እነሱ መኪናቸው ውስጥ ገብተው መስኮት ይዘጋሉ። ምን ላድርግ፣ እመለሳለሁ።»

አንጀቴን በሉት።

«ታዲያ ለምን እኛ ቤት አያድሩም? ባዶ ነው።»

«እትዬ ሮማን ምን ይሉናል?»

«የሉማ! እግርዎን ጠርገው ይግቡ ብቻ።»

«ቃሌ ነው» አሉ። በሩን ስከፍትላቸው ግን ሽማግሌ አይደሉ፣ ረሱት። ጎንበስ ብለው ገቡ፣ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ሰላም አሉ፣ ከዚያ ወደ እኔ መኝታ መጥተው ቀዝቃዛ እጃቸውን ጀርባዬ ላይ ሲያሳርፉ —

ብንን አልኩ።

ነግቷል። መሬት ላይ የተነጠፈው ፍራሼ በስብሷል፤ ነጠላ ጫማዬ በኮሪደሩ እየተንሳፈፈች ወደ ሳሎን ትሄዳለች። ሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል። ሲመጣ ድምፁ ይቀሰቅሰኛል ብዬ ቧንቧውን ከፍቼ ነበር የተኛሁት። እሱ ሆዬ መጥቶ፣ ባልዲውን ሞልቶ፣ ልቀስቅሳት ሳይል ቤቱን ወርሶታል።

ስልኬ ጮኸ። እትዬ ሮማን ናቸው።

«ዝናሽ! ውሃ መጣ?»

«መጥቷል እትዬ።»

«ተመስገን! በርሜሉ ሞላ?»

«በርሜሉ ገና ነው። ሳሎኑ ግን ሞልቷል። አሁን ወደ እርስዎ መኝታ ቤት እየገባ ነው።»

ከዚያ የጮኹት ጩኸት ያለ ስልክም ይደርሰኝ ነበር። «አንቺ ከይሲ! እንሰነብታለን ያልነው ቀረ! አሁኑኑ ተነስተን መጣን! ጠብቂኝ፣ አሳይሻለሁ!»

«ልጆቹም ይመጣሉ?»

«ሁላችንም!» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

እስከ ቁርጭምጭሚቴ ውሃ ውስጥ ቆሜ ስልኩን አየሁት። ሊሰድቡኝ ነው የሚመጡት።

ይምጡ ብቻ።