የእትዬ አማረች ሁለት ወረቀቶች

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን ተረት ስንሰማ ሁላችንም የምንስቀው በሞኙ ነው። ወረቀቱን የሚጠረጥር የለም። ሰው ሲናገር «ማን ነገረህ?» እንላለን፤ ወረቀት ሲናገር ግን ማን እንደነገረው አንጠይቅም። በተለይ ክብ ማኅተም ካረፈበት፣ በተለይ ደግሞ ማኅተሙ ላይ እባብ የተጠመጠመበት በትር ካለ፣ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ወረዳም ሂዱ፣ ባንክም ሂዱ፣ በአካል ፊታቸው ቆማችሁ እያዩዋችሁ መኖራችሁን የሚያምኑት ወረቀት ስታሳዩ ነው። ይህን ስል ግን ከዳር ቆሜ የምታዘብ ሰው እንዳልመስላችሁ። እኔ ራሴ ወረቀት ሻጭ ነበርኩ።

ጎፋ ውስጥ ከአንድ የቀለም መሸጫ በላይ ባለች ሁለት ክፍል ቢሮ፣ ቤት ለቤት የደም ምርመራ የሚሰጥ ድርጅት ነበረን። ነርሷ በጠዋት ቤታችሁ ትመጣለች፤ ክንዳችሁን አስራ ደም ትቀዳለች፤ በማግስቱ ውጤቱ እደጃችሁ ይደርሳል። ጦሙን ከጀሞ ተነስቶ፣ ታክሲ ተጋፍቶ፣ ላብራቶሪ በር ላይ ተሰልፎ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ሐሳብ ነው እላለሁ። የጎደለን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ላብራቶሪ አልነበረንም።

አትሳቁ። ይህ በንግዱ ዓለም ነውር አይደለም፤ እንዲያውም «ዋይት ሌብል» የሚባል የክብር ስም አለው። ሌላው ይሠራል፣ እናንተ ስማችሁን ትለጥፉበታላችሁ። ጎረቤት የሠራችውን ወጥ በራስ ድስት ገልብጦ ለእንግዳ ማቅረብ ማለት ነው። ወጡ ከጣፈጠ «እጃችሁ ይባረክ» የሚባለው ለእናንተ ነው። እንግዳውን ሆዱን የቆረጠው እንደሆነ ግን የጎረቤቲቱን ስም ስለማያውቅ የሚወቅሰው የራሱን ሆድ ነው።

አለቃችን ሳሚ ይባላል። በዕድሜ በስምንት ዓመት ያንሰኛል፣ በንግግር ግን አያቴ ነው። ለእኔ «የአጋርነት ኃላፊ» የሚል ማዕረግ ሰጠኝ። ከአራታችን ውስጥ ኃላፊ ያልተባለችው ነርሷ ብቻ ነበረች፤ የምትሠራውም እሷ ብቻ ነበረች። እንግዲህ በዚህ ማዕረጌ፣ የምንሰበስበውን ደም የሚመረምርልንን ላብራቶሪ እንድመርጥ ታዘዝኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ሀና ማርያም አካባቢ ወዳለች ትንሽ ላብራቶሪ ነው። ባለቤቷ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ባለሙያ ናቸው። ልጠይቃቸው ሄጄ ተጠያቂው እኔ ሆንኩ።

«ደሙ ከየት ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከጀሞ፣ ከለቡ፣ ከዚሁ ከሀና…»

«በስንት ደቂቃ?»

«እንደ መንገዱ ነው» አልኳቸው።

«መንገዱንማ አውቀዋለሁ» አሉና መነጽራቸውን አደረጉ። «ስማኝ ልጄ፤ ደም ከሰው ከወጣም በኋላ ነፍስ አለው። ውስጡ ያለው ሕዋስ ስኳሩን መብላቱን አያቆምም። ቶሎ በማሽን አሽከርክረህ ካልለየኸው፣ ስኳር ያለበት ሰው ጤነኛ ሆኖ ይነበብልሃል። እዚያው ጀሞ የሚያሽከረክር ማሽን ትተክላላችሁ፤ ካልሆነ የስኳር ምርመራ አልቀበልም።»

ቀጠሉናም ሌላ ነገር ጠየቁ። ወረቀቱ ላይ ስማቸው እንዲኖር ፈለጉ። «እኔ የፈረምኩበት ወረቀት ላይ ስሜ ይጻፋል። ምን አሳፋሪ ነገር ሠርቼ ነው የምትደብቁኝ?» አሉኝ። ለሳሚ ስነግረው «ሴትዮዋ ፋራ ናት፣ እርሳት ብሮ» አለኝ። እኔም በማስታወሻዬ ላይ በስማቸው ትይዩ «አስቸጋሪ» ብዬ ጻፍኩ።

ሁለተኛው ላብራቶሪ ትልቅ ነበር። ሊፍት ነበረው። ማኪያቶ አስመጡልኝ። የጠየቁኝ ጥያቄ ቢኖር የወረቀታችን ቀለም ምን ይሁን የሚል ብቻ ነው፤ ውሃ ሰማያዊ አልኩ። የእነሱ ስም የትም እንዳይወጣ የሚለውን አንቀጽ በውሉ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ «በማናቸውም ሁኔታ» የሚለውን ሐረግ የጨመርኩትም እኔው ነኝ፤ ያን ቀን ጠበቃ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ደሙን ሞተረኛቸው እየዞረ ይሰበስባል ተባለ። በስንት ደቂቃ ያደርሳል ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ረስቼው አይደለም። መልሱን ከሰማሁ ወደዚያች አስቸጋሪ ሴትዮ መመለሴ ስለሆነ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

አሁን እትዬ አማረችን ላስተዋውቃችሁ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ በር ለበር ነን። ከአርባ ምንጭ የመጡት በልጅነታቸው ነው፤ የሚኖሩት በስፌት ነው። የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን እሑድ እሑድ ለብሰው የምታዩአቸው ካባ ሁሉ ከእሳቸው እጅ የወጣ ነው፤ ከእግራቸውም ማለት ይቻላል፣ የስፌት መኪናቸው በእግር የሚመታ ነውና። ማታ ማታ የመኪናው ድምፅ በግድግዳው ያልፋል፤ ልጆቼ በሱ ነው የሚተኙት። ስኳር አለባቸው። ኪኒናቸውን ሳያዛንፉ ይውጣሉ፤ ቁጥሩ ግን ከመቶ ሰማንያ ወርዶ አያውቅም።

አንድ ሰሞን ቤተ ክርስቲያናቸው የጾምና የጸሎት ሳምንት ያዘች። ያንን እንደጨረሱ በሬን አንኳኩና «ልጄ፣ እስቲ ያቺን ልጅ ላክልኝ፣ ደሜን ትይልኝ» አሉ። ነርሷ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መጥታ ቀዳች። በማግስቱ ውሃ ሰማያዊው ወረቀት ደረሰ። መቶ አራት ይላል። ተመልሰው መጡ።

«ይኼ ቁጥር የእኔ ነው?»

«ስምዎ ተጽፎበታልኮ እትዬ።»

«ስሜንማ አይቻለሁ። ቁጥሩን ነው ያልኩህ።»

«ትክክል ነው» አልኳቸው።

በሬ ላይ እንደቆሙ አለቀሱ። እኔም ትንሽ እንባ እንባ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

እሑድ ፈውሴን ልመስክር ቢሉ፣ ፓስተራቸው ለመጣ ሁሉ ማይክሮፎን የሚያቀብሉ ሰው አልነበሩም። «አንድ ወረቀት አንድ ምስክር ነው። ከሌላ ላብራቶሪ ሁለተኛ አምጪ፤ እስከዚያ ኪኒንሽን እንዳትተይ» አሏቸው። ይህን ስሰማ ቅር አለኝ፤ የእኛን ወረቀት ተጠራጥረው ነው ብዬ። ዛሬ ሳስበው ከእኛ ድርጅት ይልቅ ጠንቃቃ አሠራር የነበረው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው። እትዬ አማረች እንደታዘዙት ሌላ የቤት ለቤት ድርጅት ጠሩ። የሌላ ድርጅት ነርስ መጣች፣ በሌላ ቀን ቀዳች፣ አረንጓዴ ወረቀት ላከች። መቶ አንድ ይላል። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም። ሳሚማ «ተወዳዳሪዎቻችን ሳይቀሩ መሰከሩልን» ብሎ ቴሌግራም ላይ ለጠፈው።

እትዬ አማረች ኪኒኑን አቆሙ። እሑድ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ወረቀት ይዘው ቆመው ሲመሰክሩ የሚያሳይ ቪዲዮ በስልኬ መጣልኝ። «አንድ አይደለም፣ ሁለት ላብራቶሪ!» ይላሉ፤ አዳራሹ በእልልታ ይናወጣል።

ከሁለት ወር በኋላ ቀኝ እግራቸው ጣት ላይ ጫማ የላጠው ትንሽ ቁስል ወጣ። ድኛለሁ ያለ ሰው ቁስል አይቆጥርም። አንድ ጠዋት የስፌት መኪናቸው ላይ ተደፍተው አገኘናቸውና ከጎረቤት ጋር ተሸክመን ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። የስኳር መለኪያዋ ቁጥር መስጠት እንኳ አቃታት፤ ከምትቆጥረው በላይ ነበር። ነቃ ሲሉ ሐኪሙ ኪኒን ማን አስቆመዎት ብሎ ቢቆጣ፣ እትዬ አማረች ከቤት ካስመጡት መጽሐፍ ቅዱሳቸው መካከል ሁለቱን ወረቀቶች አውጥተው አሳዩት። ግራ ቀኝ አያቸውና «እንግዲህ ሁለት የተለያየ ላብራቶሪ ይህን ካለ…» ብሎ ወረቀቶቹን መለሰላቸው። በሦስተኛው ቀን እግራቸው ከቁርጭምጭሚት በላይ ተቆረጠ።

እኔ በማግስቱ ወደ ባለ ሊፍቱ ላብራቶሪ ሄድኩ። የእትዬ አማረችን ውጤት ፈልጉልኝ ብዬ ውጤት ማተሚያው ክፍል ገባሁ። ፕሪንተሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ቀና ሳትል «የትኛው ነው፣ ሰማያዊው ነው አረንጓዴው?» አለችኝ። ከጎኗ ባዶ ወረቀት በየቀለሙ ተደርድሯል። ስድስት ዓይነት ቀለም ቆጠርኩ፤ ስድስት ድርጅት፣ ስድስት ማኅተም፣ አንድ ፕሪንተር። ሞተረኛው ከሁላችንም ሰብስቦ በአንድ ሳጥን ነው የሚያመጣው። መዝገቡን አየሁት። የእኛው ደም አንድ ሰዓት ላይ ተቀድቶ ማሽን የገባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የአረንጓዴዎቹም እንዲሁ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ ደሙ ስኳሩን ሲበላ ውሏል፤ ሁለተኛው ምስክር የመጀመሪያው ምስክር ራሱ ነበር፣ ልብስ ቀይሮ የመጣ።

ላብራቶሪው ማጓጓዣ እኛን አይመለከትም አለ፤ ሳሚ ምርመራ እኛን አይመለከትም አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ልናገር ነው ስለው ሳሚ ውሉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝና «በማናቸውም ሁኔታ ይላል እኮ። የማን አማርኛ ነው?» አለኝ። ውሉን አጥፌ መለስኩለትና መናገሩን ተውኩት። የልጆች ትምህርት ቤት አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፤ ፈሪ ሰው ምክንያት አያጣም።

ሐኪም ቤት ግን መሄዴን አላቋረጥኩም። በየሁለት ቀኑ ሾርባ ይዤ አልጋቸው አጠገብ እቀመጣለሁ። እትዬ አማረች ስለ እግራቸው አንድ ቀን አላማረሩም። ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነበር። ጌታ ፈወሰኝ፣ እኔ ግን ፈውሱን አስወሰድኩት፣ ምን በድዬ ይሆን ይላሉ። ያለፈውን ዓመት ቀን በቀን እየቆፈሩ ኃጢአት ይፈልጋሉ። አንዷን ዘማሪት ካባ ሲለኩላት ተቆጥተዋት ኖሯል፤ አስጠርተው ይቅርታ ጠየቋት። ደግሞ ከመዘምራኑ ካባ የተረፈውን ቁራጭ ጨርቅ ሳያስፈቅዱ ትራስ አልብሰውበት ነበር። ያቺን ትራስ ከቤት አስመጥተው፣ አልጋ ላይ እንደተቀመጡ ስፌቷን በምላጭ ፈቱና ጨርቁን አጣጥፈው «ለፓስተር ስጥልኝ» ብለው እጄ ላይ አኖሩት።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ጨርቁን እንደያዝኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳጥኑን፣ ሞተረኛውን፣ ስድስቱን ቀለም፣ የሀና ማርያሟ ሴትዮ ያስጠነቀቁኝን፣ ሁሉንም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር፤ ጎን ያለው አልጋ እንዳይሰማ።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አሉኝ።

«እግርዎ በተቆረጠ በማግስቱ።»

«ሦስት ሳምንት» አሉ። «እኔ ኃጢአቴን ስቆጥር እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ትሰማኝ ነበር።»

«አዎ እትዬ።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ልነሳ ስል መለሱኝ። «እኔ በማይክሮፎን የተናገርኩትን አንተ በሹክሹክታ አታነሳውም። ከዚህ የወጣሁ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለህ።»

ሄድኩ። እናንተም በዚህ ቦታ ጀግና እንዳታደርጉኝ፤ ሦስት ሳምንት የዘገየ ሰው ጀግና አይባልም። ሰኞ ሥራ እንደማይኖረኝ አውቄው ነበር፤ አልኖረኝምም። ድርጅቱ ዛሬም አለ፤ ወረቀቱን ብርቱካናማ አድርጎታል አሉ።

እትዬ አማረች ፊት ለፊት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠዋል። እኔ የዚያ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለሁም፤ ማይክሮፎን ይዤም አላውቅም። ስሜን ተናገርኩ፣ የድርጅታችንን ስም ተናገርኩ፣ በማናቸውም ሁኔታ እንዳይነገር የተባለውንም ስም ተናገርኩ። ሁለቱ ወረቀት አንድ እንደሆነ፣ እትዬ አማረች ምንም እንዳልበደሉ፣ ላብራቶሪውን የመረጥኩት እኔ እንደሆንኩ፣ መጠየቅ የሚገባኝን ጥያቄ አውቄ እንደዘለልኩት ተናገርኩ። የምጨምረው አልነበረኝም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ ብዬ አበቃሁ።

ከልማዱ ይሁን ከደግነቱ አላውቅም፣ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አሜን!» አለ።

እትዬ አማረች ብቻ አላሉም።