በግ የማይቀበለው ከንቲባ

እኔ አዲስ ሹም ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ሻንጣውን ነው። ፊቱን ቀስ ብዬ አየዋለሁ፤ ፊት መቼም ሁሉም ሹም አለው። ብዙ ሻንጣ ይዞ ከወረደ ደህና ነው፣ ቤቱ ሞልቷል ማለት ነው። ባዶውን የሚንኳኳ ትልቅ ሣጥን ይዞ ከወረደ ግን ያ ሣጥን ሲመለስ እንደማይንኳኳ እወቁ። ይህን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ቆሜ፣ አጨብጭቡ ሲሉን እያጨበጨብኩ የለቀምኩት ዕውቀት ነው።

ታዲያ ጃንሆይ ለከተማችን አዲስ ከንቲባ ሾሙ ሲባል እንደ ልማዳችን ወጣን። ሊቶሪና የምንላት የመንገደኛ ባቡር እየተንገጫገጨች መጣች። ሰውየው ወረደ። አንድ ትንሽ ሻንጣ ነው የያዘው። ተሸካሚው እየሮጠ ሊቀበለው ቢል፣ ቀላል ነው ተወው ብሎ ራሱ አንጠልጥሎት ሄደ። (ስለ ከንቲባ እያወራህ አንቱ አትልም ወይ አትበሉኝ። ድሬዳዋ ውስጥ አንቱታ በባቡር መጥቶ በባቡር የሚመለስ ነገር ነው።)

እስቲ ንገሩኝ፣ ሻንጣውን ራሱ የሚሸከም ሹም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሕዝቡ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። እውነቴን ነው፣ ትንሽ ደስ ብሎኝም ነበር። ይኼኛውስ ሰው ሳይሆን አይቀርም አልኩ። ወዲያው ደግሞ፣ ሌላው ሣጥን በጭነት ባቡር እየመጣ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። ቤቴ ስገባ ባለቤቴ አስካለ እንዴት ያለ ሰው ነው አለችኝ። እንጃ፣ ትንሽ ሻንጣ ነው የያዘው አልኳት። እሷም ክፉኛ ደነገጠች።

ምን እንዲህ አስፈራችሁ ትሉኝ ይሆናል። በረንዳችን ነዋ። እኔ መጋላ፣ የገበያው ሰፈር ውስጥ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። የድሬዳዋን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ልስፋ ብል ሱሪው ሳያልቅ እኔ አልቃለሁ። ስለዚህ የስፌት መኪናዬን አወጣና ከጣልያን በተረፈ ቆርቆሮ የተሠራው በረንዳ ሥር እሠራለሁ። ልጆቼ የሚበሉት ከዚያ ጥላ ነው። ጥላው ከሄደ ሥራዬም አብሮ ሄደ። ችግሩ፣ በረንዳው መንገዱ ላይ ነው። ገፋ ብሎ ወጣ ብዬ ባለሳልሰው ደስ ባለኝ፤ ግን በደንብ አድርጎ መንገዱ ላይ ነው።

በረንዳው የእኔ ብቻ አይደለም፤ ከጎረቤቴ ከሐጂ ድሪር ጋር በጋራ ነው የያዝነው። ሐጂ ጨርቅ ይሸጣል፣ ገጠር፣ ጀልዴሳ በኩል፣ ደግሞ ግመሎች አሉት። ቀድሞ አዲስ የመጣ ሹም ሁሉ ይህ ቆርቆሮ ይነሣ ይል ነበር። እኛም አናቱ ጥቁር የሆነ የጀልዴሳ ሙክት ለእጅ መንሻ እናስገባለን፣ ሹሙም ቆርቆሮውን ይረሳዋል። ኋላ ኋላ ብልህ ሆንንና ሹሙ አፉን ሳይከፍት በፊት መላክ ጀመርን። በረንዳችን በእንጨት የቆመ ይምሰላችሁ እንጂ የቆመው በሙክት ነው።

አዲሱ ከንቲባ ግን በገባ በማግስቱ ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ እጅ መንሻ የሚባል ነገር ደጄ እንዳይደርስ አለ። አንድ ሰው እንኳ አላጨበጨበም። ሁላችንም ልባችን ወረደ። በግ የሚበላ ሹም በግ ነው የሚፈልገው፣ ይታወቃል። በግ የማይበላ ሹም ምን እንደሚፈልግ ማን ያውቃል?

ከሰዓት በኋላ ጫታችንን ይዘን ከሐጂ ጋር መከርን። ሐጂ የከብት ገበያ ሰው ነው። እዚያ ገዢና ሻጭ እጃቸውን በፎጣ ሸፍነው በጣት ነው የሚደራደሩት፤ መጀመሪያ አልፈልግም ብሎ እጁን የማይነጥቅ ገዢ የለም። ሐጂ ስቆ ስሜን እየጠራ፣ «ወሪያ ተሰማ፣ ይኼ ሰውዬ አልፈልግም ያለው ዋጋ እየጀመረ ነው፤ አቦ አትጨነቅ» አለኝ። እኔም አመንኩት። ማመን ስለሚቀለኝ ነው መሰለኝ።

ሁለት ሙክት ላክን። ከነገመዳቸው ተመለሱ፤ ደግሞ ውሃ ጠጥተው ነው የመጡት። ያልፈለገውን በግ ለምን ውሃ ያጠጣል አልኩ። ሐጂም ራሱን ነቀነቀና፣ ይኼ ሰው ቀላል ሰው አይደለም፣ ግመል ነው የሚፈልገው አለ። ኧረ ክርስቲያን ነው፣ ግመል ወተቷንም ሥጋዋንም አይነካም ስለው፣ «ማን ብላ አለው፣ ይሽጣት» ብሎ ዘጋኝ።

እንዲህ ሆነና ከተማው በቀትር ተኝቶ ሳለ አንዲት የምትታለብ ግመል ሹማምንቱ ወደሚኖሩበት ወደ ከዚራ ሰፈር ወስደን የከንቲባው በር ላይ አስረን ጠፋን። የአበባ አጥሩን በላችበት አሉ።

በማግስቱ ጧት ሱሪ እየተኮስኩ ሳለ መንገዱ ጸጥ አለ። ቀና ስል ከንቲባው ራሱ ግመሏን እየሳበ ይመጣል። የሐጂን የግመል ምልክት የማያውቅ ሰው መጋላ ውስጥ ስለሌለ እየጠየቀ ነው የደረሰው። አሁንስ ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ አልኩ። ሰውየው ደረሰ፣ የእጅ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ ግመሏን የበረንዳችን ምሰሶ ላይ ጥብቅ አድርጎ አሰራት።

ሐጂ ብድግ ብሎ፣ «ከንቲባ፣ ደህና አደርክ?» አለው። ሐጂ ለጃንሆይም ቢሆን አንተ የሚል ሰው ነው።

ከንቲባው ደህና ነኝ አለና፣ «ይህች ግመል ለምን ጉዳይ ነው የመጣችብኝ?» ብሎ ጠየቀ።

ሐጂ እኔን አየ፣ እኔ መሬት አየሁ። መቼም አንዳችን መናገር አለብን። «ክቡርነትዎ፣ ለበረንዳው ነው» አልኩ።

«ለየቱ በረንዳ?»

አያችሁ ጉዴን? ሰውየው በረንዳ እንዳለንም አያውቅም። አርፈን ብንቀመጥ እስከሚሻር ድረስ ሳያየን ይኖር ነበር። በግመል ጎትተን አመጣነው። ያን ጊዜ ያፈርኩትን ያህል በሠርጌ ቀንም አላፈርኩም።

ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ፣ ዝቅ ብሎ መንገዱን አየ። ከዚያ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብሎ ላቡን ጠረገና ጥላው ደስ ይላል አለ። ሻይ ልጋብዝዎ ስለው ውሃ ይበቃኛል አለ። ሰከን ብሎ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ በሙቀቱ ስለ መሥራት ጠየቀኝ። ልቤ መለስ አለ። ትንሽ ቆይቶ ብድግ አለና፣ ኑ እስቲ የመንገዱን ወሰን ላሳያችሁ ብሎ እኔንና ሐጂን ፀሐይ ላይ አወጣን።

ይኸኔ ነው የጅቡቲው ባቡር እንደ ልማዱ በሰዓቱ ከጣቢያው ያፏጨው። የከተማ ሰው ለምዶታል። የጀልዴሳ ግመል ግን የት ታውቀዋለች? ተነሥታ ስትፈተለክ ምሰሶው ተከተላት፣ ምሰሶውን ቆርቆሮው ተከተለው። አቧራው ሲገለጥ ሰው አልተጎዳም፣ ግድግዳው ሥር ያለችው የስፌት መኪናዬም ደህና ናት። በረንዳው ብቻ ነው የሌለው። ከንቲባው ኮቱን አራገፈና፣ «እኔ አላፈረስኩትም፣ ሰው ሁሉ አይቷል። አይዟችሁ» ብሎ ሄደ።

ያን ሰሞን ሱቅ ውስጥ ቀለጥኩ። እሱን መራገም አማረኝ፣ አፌ ግን እሺ አላለኝም። በሳምንቱ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች እንጨት ይዘው መጡና ከወሰኑ ወዲህ አዲስ በረንዳ ተከሉልን። ጠባብ ናት፤ ጉልበቴ ጥላ ውስጥ ሲሆን ጫማዬ ፀሐይ ላይ ነው። ግን የሕግ በረንዳ ናት። ከዚያ ወዲህ ስንት ሹም መጣ ሄደ፣ ማንም ከእኔ የበግ ጭራ አላገኘም።

ሰውየው ተዛውሮ ሲሄድ ጣቢያው በሰው ሞላ። ያችኑ ትንሽ ሻንጣ ነው የያዘው። ሲያነሣት ደህና አድርጌ አየሁት፤ እንደ አመጣጧ ቀላል ናት። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔም፣ ምን አስዋሸኝ፣ አለቀስኩ። ሐጂ ብቻ እየሳቀ፣ ፎጣ ሥር እጁን ሳያስገባ የፈለገውን ዋጋ ያገኘ ገዢ እሱን ብቻ ነው ያየሁት አለኝ።

ዛሬም ደግ ነበር፣ ንጹሕ ነበር ይላሉ። እኔም እላለሁ። ደግሞም ነበር። ግን ግመሏን ከማሰሩ በፊት ሰዓቱን ለምን አየ?