ሞተሮቹ ሰው የመረጡ ዕለት

ትናንት ከምሳ በኋላ ይበልጣል ሕልም አየ።

ቀን የሚተኛ ሰው አይደለም። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ፣ የተቃጠለ የውኃ ፓምፕ ሞተር ፈትቶ፣ የከሰለውን ሽቦ አውጥቶ፣ አዲስ እየጠመጠመ የሚውል የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው። ሰሞኑን ግን አሳብ እንቅልፍ ነስቶት ሰነበተና፣ ትናንት ምሳውን እንደበላ ጠረጴዛው ላይ ክንዱን ተንተርሶ ጭልጥ አለ።

አሳቡ የጀልባ ሞተር ነበር። ጀልባዪቱ ሰው የምትጭን አይደለችም፤ ርዝመቷ ክንድ የሚያህል፣ ከዳር ቆመው በሪሞት የሚነዷት፣ በባትሪ የምትሮጥ የእሽቅድምድም ጀልባ ናት። እሱና የድሮ አስተማሪው ጋሽ ፈንታሁን ሁለት ዓመት ለፍተው ነው የሠሯት። ጋሽ ፈንታሁን በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ኤሌክትሪክ አስተምረዋል፤ ይበልጣልን ሽቦ መጠምጠም ያስያዙት እሳቸው ናቸው። አሁን የዓይን ግፊት አንድ ዓይናቸውን ወስዶታል። ስለ ቀረው ዓይን ሐኪሙ፣ "ዛሬም ሊሆን ይችላል፣ ከዓመት በኋላም ሊሆን ይችላል፤ ዋስትና ልሰጥዎት አልችልም" ብሏቸዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጀልባዪቱ ጣና ላይ ስትሮጥ ማየት።

የመጀመሪያው ሞተር በሙከራው ቀን ከዳር ሃያ እርምጃ ሳይርቅ ጨሶ ቀረ። ሌላ ከውጭ መምጣት ነበረበት። ዕቃ የምታመጣ አንዲት ዘመዱ፣ "ሻንጣዬ ሞልቷል፤ አንድ ብቻ እይዝልሃለሁ። የትኛውን እንደሆነ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ንገረኝ" አለችው። ለምርጫ የቀረቡት ሁለት ናቸው። አንዱ አጭርና ቀጭን ነው፤ ጥምጥሙ ትንሽ ስለሆነ እንደ እብድ ይሽከረከራል፣ ቶሎም ይሞቃል። ሌላው ረጅምና ወፍራም ነው፤ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ጉልበት አለው፣ ግን ከባድ ነው። ፈጣኑ ቢቃጠል፣ ወይ ከባዱ ጀልባዪቱን ቢያሰጥማት፣ ሌላ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። የጋሽ ፈንታሁን ዓይን ደግሞ ወራት ይጠብቅ አይጠብቅ የሚያውቅ የለም። ይበልጣል ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሳይመርጥ፣ ተኛ።

በሕልሙ ሞተር ሊገዛ አንድ ትልቅ ሱቅ ገባ። ከባንኮኒው ኋላ ሻጮቹ ሞተሮች ነበሩ። ሻይ በብርጭቆ ይዘው ይጫወታሉ። መደርደሪያው ላይ ከታች እስከ ጣሪያ ሰው ተደርድሯል፤ የያንዳንዱ አንገት ላይ ወረቀት ተንጠልጥሏል።

"ሞተር ፈልጌ ነበር" አለ ይበልጣል።

"ተሳስተሃል ወንድሜ" አለው ወፍራሙ ሻጭ፣ ሻዩን ፉት ብሎ። "እዚህ የሚሸጠው ሰው ነው። ደግሞ ያለ ቦታህ ነው የቆምከው።"

ሁለት ቀጫጭን ሞተሮች በብብቱ ይዘው አነሱትና ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። ዞር ሲል አጠገቡ ጋሽ ፈንታሁን ተቀምጠዋል። ያችን የአዘቦት ግራጫ ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ጉልበታቸውን ገጥመው፣ እንደ ፈተና ተፈታኝ ቀጥ ብለዋል።

"ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?"

"ከጠዋት ጀምሬ እዚሁ ነኝ" አሉት። "ሁለት ጀልባዎች መጥተው አይተውኝ ሄዱ። ይከብዳል አሉ።"

ይበልጣል አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ወረቀት ገልብጦ አነበበ። *በአንድ እንጀራ አርባ ዙር። ቶሎ ይሞቃል* ይላል። የሳቸውን አየ። *በአንድ እንጀራ ስድስት ዙር። አይሞቅም። ያስተማራቸው ልጆች ስም ሁሉ ስላለበት ከባድ ነው* ይላል።

ወዲያው በሩ ተከፈተና አንዲት ጀልባ ገባች። በኋላ ጫፏ ቆማ ነው የምትራመደው፤ ከሆዷ ውኃ ይንጠባጠባል፤ በእጇ ሪሞት ይዛለች። ይበልጣል ብርቱካንማ ቀለሟን እንዳየ አወቃት። የገዛ እጁ የቀባት ጀልባ ናት። ጎኗ ላይ ቀለሙ የወረደበትን ቦታ እንኳ አወቀው። እሷ ግን አላወቀችውም።

"እሽቅድምድሙ ዛሬ ነው" አለች ለሻጩ። "የባለፈው ሰውዬ ተቃጠለብኝ። ሃያ እርምጃ አልሄደም።"

"ስንት እንጀራ ትሰጪዋለሽ?"

"ሦስት።"

"እንግዲያው ከነዚህ ከሁለቱ አንዱን ነው። ሽማግሌው ጉልበት አለው፣ ግን አፍንጫሽን ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። ጎልማሳው ያስፈነጥርሻል፣ ግን ይሞቃል።"

ጀልባዪቱ ቀርባ የይበልጣልን ደረት በጣቷ መታ መታ አደረገች። ባዶ ጣሳ የሚመታ ይመስል ድምፁን አደመጠች። ከዚያ ጋሽ ፈንታሁንን መታ አደረገቻቸው።

"ይሄ ውስጡ ይናገራል" አለች።

"ስም እየጠራ ነው" አለ ሻጩ። "የልማድ ነገር ነው፤ ጉዳት የለውም።"

"ሁለቱንም ሞክሬ ልውሰድ" አለች ጀልባዪቱ።

ከሱቁ ሲወጡ ጣና ደጃፉ ላይ ነበር። ከሐይቁ ዳር ረጅም ሰልፍ ተሰልፏል። የተሰለፉት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው ፋይል አቅፈው፣ ታንኳው ላይ የተቀመጠ አንድ ዓሣ አጥማጅ እንዲፈርምላቸው ይለምናሉ።

"ጌታዬ፣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው ስመላለስ" አለው ከፊት ያለው ጸሐፊ።

"ነገ ተመለስ" አለው ዓሣ አጥማጁ ቀና ሳይል። "ዛሬ ሲስተም የለም።"

ትንሽ ራቅ ብሎ ዓሦች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዘንግ ዘርግተዋል። በመንጠቆው ጫፍ የሰኩት የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው። ሰዎች ከውኃው ውስጥ እየዘለሉ ይነክሱታል። ይበልጣል አንዱን ጎረቤቱን አየው፤ ከንፈሩን መንጠቆ ይዞት ፈገግ ብሎ እጁን አውለበለበለት።

ዳኛው ጉማሬ ነበር። ዋርካ ሥር በወንበር ተቀምጦ መነጽሩን ይወለውላል።

"የማንን ሰው ነው ያመጣሽው?" አላት ጀልባዪቱን።

"ሁለት ናቸው። እየሞከርኩ ነው።"

"አንድ ነው የሚፈቀደው። የቀረው ይፈታል።"

"ይፈታል ማለት?" ሲል ይበልጣል ጠየቀ።

ጉማሬው መነጽሩን አድርጎ ተመለከተው። "ሽቦው ይወጣል። አንተ ሥራህ ይኸው አልነበረም?"

ይበልጣል እጆቹን ተመለከተ። ሕይወቱን ሙሉ የፈታቸው ሞተሮች ትዝ አሉት። አንዱንም ጠይቆ አያውቅም።

ከሱቁ የተከተሏቸው ሁለቱ ቀጫጭን ሞተሮች አውራ ጣቶቹን በሽቦ አስረው ከጀልባዪቱ ባትሪ ጋር አገናኙት። ዓለም ዞረበት። ዋርካው፣ ጸሐፊዎቹ፣ ዓሦቹ አንድ መስመር ሆኑ። ሲያቆሙት ጀልባዪቱ እያጨበጨበች ነበር። ከዚያ ጋሽ ፈንታሁንን አገናኙ። እሳቸው ቀስ ብለው፣ ሳይንገዳገዱ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዞሩ፤ በክፍል ውስጥ በወንበሮች መካከል ሲዘዋወሩ እንደነበረው። ግን በዞሩ ቁጥር መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ ውኃው ከዳር ወደ መካከል ይሸሻል።

"መምረጥ አቃተኝ" አለች ጀልባዪቱ። "ተመካከሩና እናንተው ንገሩኝ። ማን ይሁን?"

ጋሽ ፈንታሁን ይበልጣልን አዩት። በሕልሙ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ደህና ነበሩ፤ ጥርት ብለው ያያሉ። ይበልጣል "እሳቸው ይሁኑ" ሊል አፉን ከፈተ። ልቡ ያለው እንደዚያ ነበር፤ ይህን በኋላም ደጋግሞ ለራሱ ነግሮታል። ከአፉ የወጣው ግን "እኔ" የሚል ነበር።

"ልክ ነው" አሉ ጋሽ ፈንታሁን፣ የተማሪ መልስ እንደሚያርም ሰው ቀለል አድርገው። "ለትንሽ ጀልባ የሚመረጠው ቀላሉ ነው። እኔው ነኝ ያስተማርኩህ።"

"ጋሼ፣ እንደሱ ማለቴ አይደለም።"

"መልሱ ልክ ነው አልኩህ። ሂድ።"

ጀልባዪቱ ሆዷ ውስጥ አስገብታ በአራት ቡሎን አሰረችው። ጉማሬው አፉን ከፈተና ዘጋ፤ እሽቅድምድሙ ተጀመረ። ይበልጣል ዞረ። ውኃው በጎንና በጎኑ ተሰነጠቀ። እንዲህ ያለ ፍጥነት አልሞ አያውቅም፤ ለአፍታም ደስ አለው፤ ደስ ማለቱን ሲያውቅ አፈረ።

የመጀመሪያውን ዙር ጨርሶ በዳር ሲያልፍ ሁለቱ ሞተሮች በጋሽ ፈንታሁን ግራና ቀኝ ቆመው ነበር። ከኮታቸው እጅጌ የወጣ ጫፍ ይዘው ይጎትታሉ። ቀይ የመዳብ ሽቦ ነው። እየተተረተረ ይወጣል፤ እነሱም እንደ ጥጥ ፈታይ ይጠቀልሉታል።

"አስማረ" አሉ ጋሽ ፈንታሁን።

ማንም አቤት አላለም። ስሙ ከአንድ ክንድ ሽቦ ጋር ወጣና ጥቅሉ ላይ ተኛ።

በሁለተኛው ዙር፣ "ውባለም" ሲሉ ሰማቸው። በሦስተኛው፣ "ደሴ"። በአራተኛው ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷቸው ነበር። በስምንተኛው ወገባቸው ጎብጦ፣ ሱሪያቸው እንደ ባዶ ከረጢት ተንጠልጥሎ አያቸው። ስም መጥራታቸውን ግን አላቋረጡም። ድምፃቸው የሚጠራው ቀርቶ እንደሆነ እንደሚጠይቅ ሁሉ በየስሙ መጨረሻ ትንሽ ከፍ ይላል።

"ቀስ በይ" አላት ይበልጣል ጀልባዪቱን። "ልውረድ።"

"እሽቅድምድም ላይ ነን" አለችው።

"አስተማሪዬ ናቸው።"

"የማን አስተማሪ?" አለች ጀልባዪቱ፣ ከልቧ ግራ ተጋብታ።

በመጨረሻው ዙር ዳር ላይ ኮቱ ብቻ ቆሞ ነበር። ሞተሮቹ የቀረችውን አንዲት ክንድ ሽቦ ሳብ አደረጉ። ከኮቱ ውስጥ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ፣ "ይበልጣል?" የሚል ድምፅ ወጣ።

አቤት ሊል ፈለገ። ሞተር አፍ የለውም። በሙሉ ኃይሉ ዞረ፣ ምናልባት ድምፅ ሆኖ ቢሰማ ብሎ። ኮቱ ጥቂት ጠበቀና መሬት ላይ ወደቀ።

"አሸነፍክ" አለው ጉማሬው።

"ታዲያ ልውረድ።"

"አሸናፊ አይወርድም። ወደ ቤታቸው የሚገቡት የተሸነፉት ናቸው። አንተ ትዞራለህ።"

"እስከ መቼ?"

ጉማሬው ወረቀቱን አገላብጦ ፈለገ፣ ፈለገ፣ የተጻፈ ነገር አላገኘም። ጸሐፊዎቹን ጠራቸው፤ እነሱም ሰልፋቸውን ትተው አልመጡም። ከይበልጣል ደረት የሚነድ የሽቦ ቫርኒሽ ሽታ ወጣ። ጭሱ ዓይኑን ሞላው። ጀልባዪቱ ከላይ ሆና፣ "ይሄም ተቃጠለ" ስትል ሰማና፣

ነቃ።

ክንዱ ደንዝዟል። አገጩ ላይ የሽቦ ምልክት ወጥቷል። ከራሱ በላይ ቬንትሌተሩ እያጉረመረመ ይዞራል። ሰዓቱን አየ፤ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ቀርቶታል።

ጋሽ ፈንታሁን ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ተኝቶ ሳለ ገብተው መሆን አለበት። እንዳሉ ናቸው፤ ትከሻቸው ሙሉ፣ ኮታቸው ልካቸው። ይበልጣል እግራቸው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

"ጋሼ፣ መቼ መጡ?"

"ቆየሁ። ስገባ ፀሐይ ነበረች። ደክሞህ ነው ብዬ አልቀሰቀስኩህም፤ እኔም ግድግዳውን ተደግፌ ትንሽ አሸለብኩ መሰለኝ።"

"መቀስቀስ ነበረብዎት። ገና አልመረጥኩም እኮ።"

"መቀስቀሱንስ መቀስቀስ ነበረብኝ" አሉ። "ይኸው መሸብን። መብራትም ሄዷል።"

ይበልጣል ወደ በሩ ዞረ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አስፋልቱ ላይ የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ታንጸባርቃለች፤ ገብታ ወለሉን አቋርጣ የጋሽ ፈንታሁን ጉልበት ላይ ወጥታለች። የሱሪያቸው ክር አንድ በአንድ ይታያል። ፊታቸው ወደ እሱ ነው፤ ዓይናቸው ግን ከትከሻው በላይ ያለውን ግድግዳ ይመለከታል።

እጁን ፊታቸው ላይ አወዛወዘ። ከዚያ፣ "አዎ ጋሼ" አለ። "አሁን ነው የሄደው። ይመጣል።"

ጋሽ ፈንታሁን ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ጣሪያው አነሡ፤ አደመጡ።

"ይበልጣል" አሉ፣ "ቬንትሌተሩ ይዞራል እኮ።"