አባቴን በማርሚታ የገደልኩ ዕለት

ወገን፣ ዛሬ ላልሞተ ሰው ለቅሶ አስጠራሁ! ያውም ለገዛ አባቴ!

ቆይ፣ ቆይ፣ አትሳደቡ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያቺን የቤተሰብ ስቴሽን ዋገኔን ታውቋታላችሁ አይደል? ሁለት የልጆች ወንበር ያላት፣ ምንጣፏ ላይ የብስኩት ፍርፋሪ የማይጠፋት? ባለፈው ወር አዲስ አበባ ወስጄ ቱርቦ አስገጠምኩላት። የሞተሯን ፕሮግራም አስቀየርኩ። የጭስ ማውጫዋን ማርሚታም በትልቅ አስለወጥኩ። መካኒኩ "እግርህን ከነዳጅ ላይ ስታነሳ ትተኩሳለች፣ ብራዘር!" ሲለኝ ጮቤ ረገጥኩ።

ባለቤቴ ገነት "የተቀደደውን ወንበር አሠራ" ብላኝ ነበር። ማን ሰምቷት!

ዛሬ ገነትንና ልጆቹን ጭኜ መንዝ፣ ዘመሮ አጠገብ ወዳለው የአባቴ ቤት ወጣሁ። ጉዳዩ ቀልድ አልነበረም። አባቴና ታናሽ ወንድማቸው፣ አጎቴ ሸዋንግዛው፣ በአንዲት የገብስ ማሳ ድንበር ተኳርፈው ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም። ሽማግሌ ተልኮ ባዶ እጁን ተመልሷል። እናቴ ሳይታረቁ አንዳቸው እንዳይሞቱ ስትሰጋ እንቅልፍ የላትም። "አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ ሞክር" አለችኝ።

ሞከርኩ። አባቴ ሳምንቱን በጉንፋን ተኝተው ነው የሰነበቱት። ጋቢያቸውን ተከናንበው ሰሙኝና "ሌላ ወሬ የለህም?" አሉኝ።

አለቀ! ያ ሁሉ ትምህርት በሦስት ቃል!

ከፋኝ። ወጣሁና፣ መቼም ሌላ መጽናኛ የለኝ፣ መኪናዬን አስነሳሁ። ነዳጅ ረገጥኩ። ለቀቅኩ።

ጧ! ጧ! ጧ!

ደገምኩ። ጧ! ጧ! ደስ አለኝ ልበላችሁ!

አሁን መንዝ ያደጋችሁ ሳቁብኝ። በኛ አገር ትልቅ ሰው ሲያርፍ ጥይት ይተኮሳል። ሠርግ ላይም ይተኮሳል፤ ግን ሁዳዴ ነው! በሁዳዴ ማን ያገባል? አባቴ መታመማቸውን ደግሞ አገር ያውቃል።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ከዳገቱ ዋይታ ወረደ። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይሮጣል። የእድሩ ዳኛ ድንኳኑን በአህያ አስጭነዋል! አንዲት እናት ጉንጫቸውን ቧጥጠው ደርሰዋል፣ በከንቱ!

ከሁሉም ፊት ማን ነበር? አጎቴ ሸዋንግዛው፣ አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርገው።

"አያ ተክሌ! ወንድሜ! ሳልታረቅህ! ድንበሩም ይቅር፣ ማሳውም ይቅር!"

አባቴ በር ላይ ብቅ አሉ። "ማነው የሞተው?"



"አንተ ነሃ!" አሉ አጎቴ፣ እንባቸው እየወረደ።

ከዚያ ምን ልበላችሁ፣ አንገት ለአንገት ተናንቀው ተላቀሱ። እናቴ ጾም መሆኑን ረስታ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም አለቀስኩ፣ አላፍርም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ተቀምጦ ጠላ ጠጣ።

እኔስ? እኔማ መሀል ቆሜ ሰዉን አንድ በአንድ ይቅርታ ስጠይቅ ዋልኩ። ጉንጫቸውን የቧጠጡት እናት በምርኩዛቸው ሁለቴ አቀመሱኝ። የእድሩ ዳኛም "ሁለተኛ ወደዚህ መንደር ስትመጣ ሞተር አጥፍተህ፣ እየገፋህ ነው!" ብለው ፈረዱብኝ። ገነት ሳቋን መያዝ አቅቷት ጓሮ ገባች።

ልንሄድ ስንል አባቴ ወደ መኪናዋ መስኮት ጠጋ ብለው እጄን ያዙኝ። ሊመርቁኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"አንዴ ብቻ ድገማት" አሉኝ በሹክሹክታ። "ያልመጡ አሉ።"

እስቲ ፍረዱኝ፤ ማርሚታዋን ላስፈታት ወይስ ሽማግሌ ብዬ ልሹማት?