ለግራጫዋ ዘንዶ የታዘዘ መድኃኒት

ጡረታ የወጣ ባለሙያ የሌለበት ሕንፃ የለም። እነዚህ ሰዎች ከሥራቸው ይሰናበታሉ እንጂ ሥራቸው ከእነሱ አይሰናበትም። ጡረተኛው መምህር ደረጃው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በቀይ እስክሪብቶ ያርማል። ጡረተኛው የቧንቧ ሠራተኛ በሽተኛ ሊጠይቅ ገብቶ ከበሽተኛው ይልቅ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ያዳምጣል። ከሁሉ የከፋው ግን የእንስሳት ሐኪሙ ነው፤ ፎቅ ላይ ከብት የለማ!

አራተኛ ፎቅ የምትኖረው ጸሐፊ ይህን ያወቀችው ዘግይታ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መጽሐፍ ስትጽፍ ኖራለች፤ በየትኛውም ካርታ ላይ በማይገኝ አገር ስለሚኖሩ ባለክንፍ ዘንዶዎች አፈጣጠርና ታሪክ። ርእሱ «የዘንዶ ዘር፦ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው» ነው። ጥፋቷ አንዲት ጥያቄ ነበረች። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩትን ክቡር ዶክተር ደረጃ ላይ አግኝታ፣ «ዶክተር፣ የአንድ ትልቅ እንስሳ ክንፍ ስንት ኪሎ ይሆናል?» አለቻቸው። «እንስሳው የት አለ?» አሉ። ረቂቁን አምጥታ ሰጠቻቸው። እጄን በእጄ ቆረጥኩ የሚባለው ይህ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት በሯ ተንኳኳ።

«ልጄ፣ እኔ እጄን ያላስገባሁበት እንስሳ የለም» አሉ ክቡርነታቸው፤ ንግግራቸው ሁሉ የሚጀምረው በዚህ ነው። «አራት እግርና ሁለት ክንፍ ስንት ሆነ?»

«ስድስት።»

«ስድስት ያለው ጉንዳን ነው። ሁለቱን አንሺ።»

«ዶክተር፣ ይኼ እኮ ተረት ነው።»

«ተረት ቢሆንስ? አጥንት የለውም?»

በጸሐፊዋ አገር ዘንዶዎች የነገሥታቱን ጡብ የሚያቃጥሉ ሠራተኞች ነበሩ። በፊት እጆቻቸው ይደረድራሉ፣ በትንፋሻቸው ያቃጥላሉ፤ ሰዎች በምላሹ ጨው ያመጡላቸዋል። ሦስት መቶ ዓመት የዘለቀ ስምምነት ነው። አሁን ዘንዶ እጅ የለውም ተባለ! አርባ ገጽ ተናደ። ደሟ ፈልቶ ሁለት ቀን ሰላምታ ነፈገቻቸው፤ በሦስተኛው ቀን ግን ዘንዶዎቹ ጡቡን፣ ውሻ ቡችላዋን እንደምትይዘው፣ በአፋቸው ሲሸከሙ ጻፈች።

ቀጥሎ እሳቱ መጣ። ከዘንዶዋ ሆድ ነው የሚወጣው ብትላቸው፣ «ላምም ሆዷ ይነፋል፤ ጋዝ በጋዝ ናት። ነዳ ታውቃለች?» ብለው ሳምንት ሙሉ ፋታ ነሷት። በመጨረሻ፣ ዶሮ እህል የምትፈጭበትን ጠጠር እንደምትውጥ ሁሉ ዘንዶም ባልጩት ትውጣለች፣ ባልጩቱ ሲፋጭ ብልጭታው ጋዙን ያነደዋል ብላ ጻፈች። «አሁን ገና እንስሳ ሆነች» አሉ። ምስጋና አልነበረም። በማግሥቱ ዘጠኝ መቶ ዓመት ኖረች የተባለችውን ዘንዶ ይዘው፣ «ዕድሜ የሚታወቀው በጥርስ ነው፤ ጥርሷን አይተሻል?» ሲሉ መጡ።

ከዚያ ደግሞ፦ «አንድ ዋሻ ውስጥ ሁለት መቶ ዘንዶ አኑረሻል። ሦስት መቶ ዓመት! ፋንድያው የት ገባ?»

ይህን ጊዜ ጨጓራዋ ተላጠ። ማን ጠየቃቸው? ስለ ዘንዶ ፋንድያ እንቅልፍ የሚያጣው የትኛው አንባቢ ነው? በንዴት ተቀምጣ አንድ ምዕራፍ ጻፈች፤ ፋንድያው የዋሻውን ሥር እንዴት እንዳለመለመው፣ ሁለት ነገሥታት ለዚያች መሬት ሲሉ እንዴት እንደተላለቁ። አሳታሚው አንብቦ፣ «ከመጽሐፉ ሁሉ ምርጡ ይኼ ነው» አላት። ይህም አናደዳት።

የመጨረሻው ምዕራፍ ግን የራሷ ነበር። የጡብ ምድጃ ተፈለሰፈ፤ ሰው ከዚያ ወዲያ ዘንዶ አላስፈለገውም። ጨው የሚያመጣላቸው ጠፋ፤ አጥንታቸው ሳሳ፤ አንድ በአንድ አለቁ። የቀረችው ግራጫዋ ናት። ባሏ በክረምቱ ሞቶባታል። እሷም የመጨረሻው እንቁላል ሆዷ ውስጥ ተቀርቅሮባት፣ አልወጣ ብሏት፣ በረዶ ላይ ተኝታ ትሞታለች። ጸሐፊዋ ይህን ስትጽፍ አልቅሳለች። ስድስት ዓመት የተጓዘችው ወደዚች ገጽ ነው። ዓርብ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ ሽፋኑ ከወዲሁ ታትሟል። ማክሰኞ ምዕራፉን ለዶክተሩ ስትሰጥ የጠበቀችው አንዲት ዘለላ እንባ ብቻ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ዶክተሩ እሳት ጎርሰው፣ እሳት ለብሰው መጡ።

«ገደልሻት!» አሉ። «በተቀረቀረ እንቁላል ትሞታለች? ይኼ እኮ የሚድን በሽታ ነው! በዶሮም በኤሊም አይቼዋለሁ። አጥንቷ ሳስቷል ብለሽ የጻፍሽው አንቺው ነሽ፤ ካልሲየም ጎድሏታል ማለት ነው፤ ማማጥ ያቃታት ለዚህ ነው። ምልክቱን ሁሉ አንድ በአንድ ጻፍሽና ቆመሽ ታያለሽ?»

«ዶክተር፣ መሞት አለባት። ታሪኩ ነው።»

«ሰው ይዋሻል፣ ከብት አይዋሽም። ይቺ እንስሳ መሞት አልፈለገችም።»

«መጽሐፉ የኔ ነው!» ብላ ጮኸችና በሩን ድርግም አድርጋ ዘጋችባቸው። በአባቷ ዕድሜ ባሉ ሰው ላይ በር ስትዘጋ የመጀመሪያዋ ነበር። ቢሆንም አልጸጸታትም።

ከሰዓት በኋላ የዶክተሩ ባለቤት አንድ ወረቀት ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ በሞቴ ያቺን እንስሳ አድኚልኝ» አሉ። «ሰውዬው ምሳ ቢቀርብለት አልነካም አለ። ይኼን ለእንስሳዋ ባለቤት ስጪ ብሎኛል።»

ከድሮ መሥሪያ ቤታቸው የተረፈ የሕክምና ወረቀት ነበር። የእንስሳው ዓይነት፦ ዘንዶ፣ ባለክንፍ፣ ባለሁለት እግር። ፆታ፦ ሴት። ዕድሜ፦ በጥርስ አልተረጋገጠም። ክብደት፦ ሦስት ሺህ ኪሎ በግምት። ሕክምና፦ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊትና ጨው፣ በቀን አራት ባልዲ። ለብ ያለ ኩሬ ውስጥ ትዘፍዘፍ፤ ኩሬውን ራሷ ታሙቀው። ዘይት ትቀባ። ማንም አያስቸኩላት፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የባለቤት አድራሻ፦ አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። ግርጌው ላይ፦ ከሰባት ቀን በኋላ ትታይ።

ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ሳቁ አልመጣም። እህቷ መጽሐፉን ሳትገልጠው «በጣም ያምራል» ብላታለች። አሳታሚው የሚያውቀው የገጹን ብዛት ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ግራጫዋ የምር ትተነፍሳለች ብለው ያመኑ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ምሳቸውን አልበሉም። እሷ ራሷ እንኳ ያን ቀን አልቅሳ ስታበቃ ምሳዋን በልታለች።

ስልክ አንስታ አሳታሚው ጋ ደወለች።

«ከርእሱ ላይ ‹እስከ ፍጻሜው› የሚለው ይነሳ። ለዓርብም አልደርስም።»

«ሽፋኑ ታትሟል እኮ! ምን ነካሽ?»

«እንስሳዋ አልሞተችም።»

«ጸሐፊዋ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«ነኝ። ሰው ይዋሻል፣ ከብት አይዋሽም» አለችና ዘጋችው።

በሰባተኛው ቀን፣ ልክ በምሳ ሰዓት፣ ክቡር ዶክተር አሮጌ ቦርሳቸውን ይዘው ደረጃውን ወጡ። ሰላምታ የለም፤ ይቅርታማ ጭራሽ የለም።

«እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። እንቁላሉ ትናንት ወጣ።»

«ትበላለች?»

«ትበላለች።»

በረጅሙ ተነፈሱ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው ሊያደርጉት ጊዜ ፈጀባቸው። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ።

«ቆይ፣ ቆይ። እናትየዋ ደክማለች። በዚያ ብርድ እንቁላሉን ማን ነው የሚያሞቀው?»

አላሰበችበትም። ደሟ እንደገና ፈላ፤ ሌላ ሃያ ገጽ ሲናድ ታያት። እኚህ ሰው አንድ ቀን እንኳ «ጎበዝ» ብለው ቢወጡ ምን ይጎድልባቸዋል? በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ይግቡ» አለቻቸው። «ምሳ እየበላን እንነጋገርበታለን።»