በሲስተም የሞተው ሃብተአብ

[ካዛንችስ፣ አንዲት ጠባብ ካፌ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ። ሶፍትዌር ሠሪው ሃብተአብ ላፕቶፑን ከፍቶ ማኪያቶ ይጠጣል። የሰፈር ጓደኛው ሊካሳ በዚያ ሙቀት ጥቁር ኮት ደርቦ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ ከፊቱ ቆሟል።]

ሃብተአብ፦ አልሞትኩም አልኩህ እኮ!

ሊካሳ፦ እሱ የአንተ ወሬ ነው።

ሃብተአብ፦ ስለ እኔ ሞት ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ ነው?

ሊካሳ፦ እድሩ ያውቃላ። [ስልኩን አውጥቶ በለቅሶ ድምፅ ያነባል] «በታላቅ ሐዘን እንገልጻለን። የእድራችን አባል አቶ ሃብተአብ ተከስተ በድንገት አርፈዋል። ቀብራቸው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጸማል። ነፍስ ይማር።»

ሃብተአብ፦ እሱን መልእክት የጻፍኩት እኔ ነኝ!

ሊካሳ፦ [ደንግጦ] ውይ! እንደሚመጣብህ ቀድመህ አውቀኸው ነበር ማለት ነው?

ሃብተአብ፦ ኧረ በናትህ ቁጭ በል! በቃ፣ እንደ ሕፃን ቀስ ብዬ ላስረዳህ። ለእድሩ ሲስተም እየሠራሁ አይደል? ሰው ሲሞት ጋሽ ተካ በሌሊት ጡሩምባ እየነፉ ሰፈሩን ከሚዞሩ፣ ሲስተሙ ለአባሉ ሁሉ በስልክ መልእክት ይልካል።

ሊካሳ፦ እሱን አውቃለሁ። ጋሽ ተካም አውቀው ተቀይመውሃል።

ሃብተአብ፦ ይቀየሙ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት መስቀል ፍላወር ባለው አዳራሽ፣ በፕሮግራመሮች ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ሲስተሙን አቀርባለሁ። የእድሩን ሰዎችም ጋብዣለሁ። ይቀበሉኝ አይቀበሉኝ የሚለየው ዛሬ ነው። ስለዚህ ቀድሞ መሞከር አለበት። ቴስት ይባላል። ለቴስት ደግሞ ሟች ያስፈልጋል።

ሊካሳ፦ እና አንተ ፈቃደኛ ሆንክ።

ሃብተአብ፦ ስሜ ነው ፈቃደኛ የሆነው! የሌላ ሰው ስም ባስገባ ሟርት ይሆናል ብዬ የራሴን አስገባሁ።

ሊካሳ፦ በራስህ ላይ ሲሆን ሟርት አይደለም?

ሃብተአብ፦ እኔ የማምነው በሳይንስ ነው።

ሊካሳ፦ በሳይንስ ካመንክ የሌላውን ስም ለምን ፈራህ?

ሃብተአብ፦ ሊካሳ፣ ይሄ ለአንተ ይከብድሃል። ማለቴ፣ ቴክኒካል ነው።

ሊካሳ፦ ይሁን። ግን መልእክቱ «በድንገት» ነው የሚለው። በድንገት የሞተ ሰው ደግሞ ቶሎ ላይሰማው ይችላል። ስልክህም ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው።

ሃብተአብ፦ ሐሳቤ እንዳይከፋፈል ዘግቼው ነዋ! እይ፣ ማኪያቶ እየጠጣሁ ነው! የሞተ ሰው ማኪያቶ ይጠጣል?

ሊካሳ፦ እሱን ሳይ ነው እንዲያውም ያመንኩት። ሁዳዴ ጾም ነው እኮ! በቁሙ ያለ ክርስቲያን በዚህ ጾም ወተት አይጠጣም፣ ምናልባት ከሞተ አይገደድ ይሆናል ብዬ አለፍኩህ።

ሃብተአብ፦ [ስኒውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ] ለማንኛውም መልእክቱ የመጣው ለአንተ ብቻ ነው። ለመሞከሪያ የሰጠሁት ያንተን ቁጥር ነው።

ሊካሳ፦ ለእኔ ብቻ?

ሃብተአብ፦ ለአንተ ብቻ።

ሊካሳ፦ እሺ። እትዬ ጀማነሽስ ቴስት ናቸው?

ሃብተአብ፦ ያሳደጉኝ እትዬ ጀማነሽ? ምን ሆኑ?

ሊካሳ፦ ደጃቸው ላይ ቆመው «ወይኔ ልጄ! ጉድ ሆንኩ!» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ።

ሃብተአብ፦ [ትን ይለዋል] ምን?

ሊካሳ፦ ድንኳኑስ? እሱም ቴስት ነው?

ሃብተአብ፦ የምን ድንኳን!

ሊካሳ፦ አዲሱ ነዋ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ኃይለገብርኤል ራሳቸው ገመዱን ሲወጥሩ ነበር። «ወጣት ነው፣ አዲሱ ይውጣለት» አሉ። እኔ በበኩሌ ኮርቼብሃለሁ።

ሃብተአብ፦ [ኪቦርዱን እየደበደበ] ቆይ፣ ቆይ... ትናንት የአባላቱን ስልክ በሙሉ አስገባሁ... «ለሙከራ ብቻ» የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት... ወይኔ! ወይኔ ሃብተአብ! ለመላው እድር ነው የላከው!

ሊካሳ፦ አይዞህ። የሰው ልጅ መጨረሻው ይኸው ነው።

ሃብተአብ፦ እናቴ! አዲግራት ያለችው እናቴ ሰምታ እንደሆነስ?

ሊካሳ፦ እሳቸው እድሩ ውስጥ የሉም፣ አልደረሳቸውም። ሽማግሌዎቹም መርዶ በስልክ አይነገርም ብለው ሁሉንም ከልክለዋል።

ሃብተአብ፦ ተመስገን! [ብድግ ብሎ] አሁኑኑ ሰፈር ሄጄ ራሴን አሳያቸዋለሁ።

ሊካሳ፦ [ትከሻውን ይዞ ያስቀምጠዋል] አብደሃል? ለቅሶ ቤት ሟቹ ራሱ ዘው ሲል ይታይህ! እዚያ ስንት አሮጊት አለ! አንዷ በድንጋጤ ክልትው ብትልስ? ያኔ ድንኳኑ የእውነት ይሆናል።

ሃብተአብ፦ እሱስ እውነትህን ነው። ታዲያ ምን ይሻላል?

ሊካሳ፦ እኔ ምን አውቄ፣ የተማርከው አንተ። መግደል የቻለ ሲስተም ማዳን ያቅተዋል?

ሃብተአብ፦ [ፊቱ ፈካ ብሎ] እሱን ልልህ ነበር! ማስተባበያ እልካለሁ። [እየተየበ] «አቶ ሃብተአብ ተከስተ አልሞቱም። በሙሉ ጤንነት ላይ ይገኛሉ።» ላክ! አየህ ሊካሳ፣ ቴክኖሎጂ ያበላሸውን ራሱ ቴክኖሎጂ ያቃናዋል። በጡሩምባ ቢሆን ኖሮ ጋሽ ተካ ሰፈሩን እንደገና ሊዞሩ ነበር።

[የሊካሳ ስልክ ድምፅ ያሰማል።]

ሊካሳ፦ መጣ መጣ! [ያነባል] «በታላቅ ሐዘን እንገልጻለን። አቶ ሃብተአብ ተከስተ አልሞቱም። በሙሉ ጤንነት ላይ ይገኛሉ። ነፍስ ይማር።»

ሃብተአብ፦ [ጭንቅላቱን ይዞ] መግቢያውና መዝጊያው! በየመልእክቱ ላይ ራሱ እንዲጨምረው አድርጌ ነው የሠራሁት! እድር ከሐዘን ሌላ ምን ይልካል ብዬ...

ሊካሳ፦ ምናለበት? ባለመሞትህም አዘንንልህ።

ሃብተአብ፦ አትቀልድብኝ!

[ሃብተአብ ሲስተሙን ሲያስተካክል ግማሽ ሰዓት ያልፋል። የሊካሳ ስልክ ይጠራል።]

ሊካሳ፦ አቤት ጋሽ ኃይለገብርኤል... አዎ፣ ከእሱ ጋር ነኝ... እሺ፣ እሺ፣ ቶሎ ነው። [ይዘጋል] ሁለተኛው መልእክት ሲደርሳቸው ግራ ገብቷቸው ቤት የቀሩትም ነቅለው ወጡ አሉ።

ሃብተአብ፦ በቃ አለቀልኝ! ዛሬማ ማን እኔን ይሰማል? ድሮም ጋሽ ኃይለገብርኤል «ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቶ አባሉ ካልወሰነ አልቀበልም» ብለዋል። ይሄ እድር ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ ሞልቶለት ያውቃል? ስብሰባ ሲባል ሰው ሁሉ ወገቡን ያመዋል!

ሊካሳ፦ ፕሮግራመሮቹስ ይመጡ የለ?

ሃብተአብ፦ አንተም አንዴ አብረኸኝ መጥተህ አይተሃቸዋል። ገሚሱ ለዋይፋዩ፣ ገሚሱ ለፒዛው ነው የሚመጣው። ፒዛው ሲያልቅ ፕሮግራመሩም ያልቃል። [ድምፁ ይሰባበራል] ሊካሳ፣ ከባንኩ ሥራ የለቀቅኩት እኮ በዚህ ሲስተም ተማምኜ ነው። ከአንተ በቀር የነገርኩት ሰው የለም። እድሩ እምቢ ካለኝ ምን ይውጠኛል?

[ሊካሳ ሰዓቱን ያያል። ነጠላውን አጣጥፎ፣ ኮቱን አውልቆ በክንዱ ላይ ያደርጋል።]

ሊካሳ፦ በል ላፕቶፕህን ያዝ። ደርሷል።

ሃብተአብ፦ ምኑ? ቀብሬ?

ሊካሳ፦ ስብሰባህ ነዋ። እድሩ በሙሉ መስቀል ፍላወር አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ለቀብር የመጣው አውቶቡስ ባዶውን ከሚመለስ ብለን በእሱ ጫንናቸው።

ሃብተአብ፦ እዚያ ሄደው ምን ይሠራሉ?

ሊካሳ፦ ምልዓተ ጉባኤ ነዋ! ሊቀመንበሩ አሁን የደወሉት ቆጥረው «ሞላ» ሊሉኝ ነው። ጥቂት ሰው ጎድሎን ነበር፣ ማስተባበያህ ቤት የቀሩትን ጠርጎ አወጣልን።

ሃብተአብ፦ ሞቷል ብለው እያመኑ ነው የተቀመጡት?

ሊካሳ፦ ማን አመነ? ድንኳኑ እንደተጣለ ደርሼ፣ እዚህ ካፌ ተጎልተህ እንዳየሁህ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሊቆጡ ነበር። በኋላ ጋሽ ኃይለገብርኤል፣ «የተካ ጡሩምባ ሲነፋ ግማሹ አልሰማሁም እያለ ይቀራል፣ ይሄ ነገር ግን በአንዴ ሰፈሩን አራገፈው፣ ከወጣን አይቀር እንየው» አሉ። ሰው ለስብሰባ አይወጣም፣ ለለቅሶ ግን ማንም አይቀርም። አንዴ ከወጣልህ ደግሞ ወደፈለግከው መንዳት ነው።

ሃብተአብ፦ እና ይሄ ሁሉ ጥቁር ኮት? ይሄ ሁሉ «ሞተሃል አልሞትክም»?

ሊካሳ፦ ሰዓቱ እስኪደርስ እንዳትነሳብኝ ነዋ። ሰፈር መጥተህ በእንግሊዝኛ እያስረዳህ ሕዝቤን ብትበትነው ምን አደርጋለሁ?

ሃብተአብ፦ [ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ ብሎ] እኔ እኮ አንተን እንደ ሕፃን ሳስረዳህ ነበር የዋልኩት።

ሊካሳ፦ ጎበዝ አስረጂ ነህ። እዚያም እንደዚያው አስረዳቸው፣ ይገባቸዋል።

[ሃብተአብ ላፕቶፑን አቅፎ ይነሳል። በሩ ጋ ሲደርስ ቆም ይላል።]

ሃብተአብ፦ ቆይ እንጂ! ሁሉም አለመሞቴን ካወቁ፣ እትዬ ጀማነሽ ምን ሆኑ ብለው ነው ደረታቸውን የሚደቁት?

ሊካሳ፦ እሳቸውማ ባንኩን መልቀቅህን ነግሬያቸው ነው።