አሥራ ሦስተኛው ሳጥን

ወገኖቼ፣ ዛሬ የሆንኩትን ስሙና ፍረዱኝ!

በአንድ ቁጥር ተዋረድኩ። በአሥራ ሦስት!

ዳውንታውን የፕሮግራሚንግ ውድድር ነበረን፣ ሁለት ሁለት ሆነን። ፓርትነሬ ቤዛ ናት፤ እዚሁ ቶሮንቶ የተወለደች የሐበሻ ልጅ፣ የፍሌሚንግደን ፓርክ ጎረቤቴ።

እውነቱን ልናገር? ከወደድኳት ሁለት ዓመት ሆነኝ። እሷ አታውቅም። ሰኞ ደግሞ ለሥራ ጠቅልላ ቫንኩቨር ትሄዳለች።

ፕላኔ ቀላል ነበር፦ እናሸንፋለን፣ በደስታው መሃል እነግራታለሁ።

የመጨረሻው ጥያቄ የልጅ ጨዋታ ነው። የዓመቱ ዝናብ በየወሩ በአሬይ ተሰጥቶናል፤ በተርታ የተደረደሩ ሳጥኖች በሉት። በሳጥኖቹ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ ሦስት ሳጥን ወደ ግራ ማዞር ብቻ!

«አንተ ጻፈው፣ አይ ትረስት ዩ» አለችኝ።

ትረስት አለችኝ እኮ፣ ታምነኛለች! የወሮቹን ብዛት ጻፍኩና ሰብሚት አደረግኩ።

ስክሪኑ ቀይ!

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ስህተቱ የታየኝ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ነው። ዓመቱን አሥራ ሦስት ወር አድርጌው አረፍኩ! ኮምፒውተሩ የሌለ አሥራ ሦስተኛ ሳጥን ፍለጋ ሄዶ ወደቀ። ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ጣቶቼ ግን ዛሬም ጳጉሜን አይዘሉም።

«ዋይ ሰርቲን? ለምን አሥራ ሦስት?» አለች ቤዛ።

«ጳጉሜን ቆጥሬ ነው።»

«ዌት! ጳጉሜ ሪል ነው እንዴ?!»

ለካ ልጅ ሆና ሳይክል ግዛልኝ ስትል አባቷ «በጳጉሜ እገዛልሻለሁ» ይሏት ነበር። ጳጉሜ ማለት «ኔቨር» ማለት መስሏት ነው ያደገችው!

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። እንዲህ ስትስቅ ከሰኞ በኋላ ማን ሊያያት ነው?

ባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። አሁንስ ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ። የወጣልኝ ምን ይመስላችኋል?

«መቼ ትመለሻለሽ?»

ፈገግ አለችና «በጳጉሜ» አለችኝ። ፌርማታችን ደረሰ፣ ወረድን፣ እጇን አውለብልባ ወደ ሕንጻዋ ገባች።

ሳትሄድ ናፈቀችኝ። ይኸው ቀን መቁጠሪያ ከፍቼ ካለንበት ከግንቦት እስከ ጳጉሜ እየቆጠርኩ ነው።

እስቲ አማርኛ አዋቂዎች ፍረዱኝ፦ ያለችኝ የአባቷን ጳጉሜ ነው ወይስ የእኔን?